የፊልም ጥፊ

ሰኞ

ዛሬም መቱኝ። ሦስቴ፣ ያውም በአንድ ጉንጬ። ጋሽ ደረሰ ማለቴ ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጡት ታዋቂ ተዋናይ፣ በፊልሙ ላይ አባቴ። እኔ አፍሮ ያበጠርኩ፣ ሚኒ የለበስኩ፣ "መሬት ላራሹ" እያልኩ ደብረ ማርቆስን የማምስ የስድሳዎቹ ተማሪ ነኝ። ስክሪፕቱ ላይ ያለው አንድ ጥፊ ነው፤ እሱም የውሸት።

ዳይሬክተሩ "አቤት ትወና!" ይላል። እንባው የኔ፣ ምስጋናው የሳቸው።

ማክሰኞ

ጠዋት "ጋሼ፣ እባክዎ ቀስ ይበሉልኝ" አልኳቸው። "የኔ ልጅ፣ ካሜራ ውሸት ያውቃል" አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ብሶባቸው ከንፈሬን ሰነጠቁት። ሜካፕ የምትሠራው ልጅ ደሙን ልትጠርግ ስትል ዳይሬክተሩ "ተይው፣ ያምራል" አላት። ያምራል!

ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ አንቱታ የለም። ሰውዬው ነው።

ክፋቱ ጎበዝ ነው። የተቀረጸውን ሳየው ፈራሁት፤ መትቶኝ ሲያለቅስ ደግሞ አሳዘነኝ። እንዲህ ያለ ትወና አይቼ አላውቅም። ባኮርፍ ደግሞ በማግስቱ ሌላ ልጅ ይተኩብኛል። የመጀመሪያ ፊልሜ ነው።

ሐሙስ

ነገ ከሰልፉ መሀል በጸጉሬ ጎትቶ በዱላ ይደበድበኛል። ዱላው ስፖንጅ ነው ተብሏል። ሰውዬው ግን ጓሮ ሆኖ የእውነት ሽመል ሲወዘውዝ አየሁት። "ለሙከራ ነው" አለ።

ጥርሱን በድንጋይ ሳረግፈው በሐሳቤ ታየኝ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ አስፈራኝ።

ዓርብ

ሰልፉን ቆመው እንዲያዩ ከጉንደ ወይን ገበሬዎች መጥተዋል። ሰውዬው ጸጉሬን ጨበጠ። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ስፖንጅ አይደለም! ሁለተኛው ክንዴን አለኝ፤ በጉልበቴ ወደቅሁ። ማለት የነበረብኝ "አባዬ፣ ይቅርታ" ነው። ከአፌ የወጣው ግን "በሕግ አምላክ!" ሆነ።

ገበሬዎቹ ፊልም ነው አይደለም አላሉም። ተንጋግተው ገቡ። አንዱ ወገቡን ያዘው፣ ሌላው ክንዱን። አንድ ሽማግሌ ሽመሉን ነጠቁት፦ "ሕግ ጠርታ የለም ወይ? ቁም ብየሃለሁ!"

ቆመ።

ዳይሬክተሩ "ድንቅ ነው! ከሌላ አቅጣጫ እንድገመው" ቢል ሽማግሌው ሽመሉን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። "በሕግ አምላክ ከተባለ ወዲያ ዱላ የለም። ለጨዋታም ቢሆን።"

ዳይሬክተሩ ቢጨንቀው የስፖንጁን ዱላ አምጥቶ አስዳሰሳቸው። እሳቸውም "እንግዲህ ልጅቱ ትፍቀድ" አሉ። ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞረ።

"መጀመሪያ እኔ ልሞክረው" አልኩ።

ዳይሬክተሩ ሳቀ። ሰውዬው ግን አልሳቀም፤ ኮቱን አውልቆ ጀርባውን ሰጠኝ።

መታሁት። እውነትም ስፖንጅ ነው። ደግሜ መታሁት።