ያልፈታሁት ግዝት

ቢቸና፣ ሰኔ ፬ ቀን ፳፻፲፫ ዓ.ም.
በዕርገት ማግሥት

ለተወደድሽው ልጄ ለሲስተር እፀገነት ፍቅረ ሥላሴ
ሞጣ

ልጄ ሆይ፣ በሽታው ከደጃፍሽ፣ ድካሙም ከጉልበትሽ ይራቅ። እኔ ደኅና ነኝ። እናትሽም በእግዚአብሔር ቸርነት ዛሬ ጠዋት ተነሥታ ቤቷን ጠርጋለች፤ ጠርጋ ስትጨርስም ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ሰብስባለች። የምጽፍልሽ ስልኬን ማንሣት ስለተውሽ ነው። ልጅ አባቷ እየተናገረ ስልክ መዝጋቷን በበጎ አላየሁትም፤ ይህን ሳልነግርሽ ወደ ሌላው ነገር ባልፍ ከልማዴ መውጣት ይሆንብኛል።

ስልኩን ከመዝጋትሽ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቀሽኝ ነበር። «አባዬ፣ ቃልዎ ከእናቴ ነፍስ ይበልጣል?» ነበር ያልሽኝ። ያን ጊዜ ነገሩን ወደ ሌላ የመለስሁት ተቆጥቼ መስሎሽ ይሆናል። አልተቆጣሁም። ነገሩን ከሌሎች አፍ ቆራርጠሽ ስለሰማሽው ከሥሩ ጀምሬ ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

ክትባቱ በመጋቢት የመጣ ጊዜ በከተማችን የኮሮና መከላከል ግብረ ኃይል ውስጥ የሃይማኖት አባቶችን ወክዬ መቀመጤን ታውቂያለሽ። የመጀመሪያው ድርሻ ለጤና ባለሙያዎችና ሕመም ላለባቸው አረጋውያን ነው ተባለ። ተገቢ ነው፤ አልተቃወምሁም። በኋላ ግን ፈንታዬን በመንገድ አገኘኋት። ፈንታዬ በለይቶ ማቆያው የታማሚዎችን አንሶላ የምታጥበው ሴት ናት። «አንቺስ ተከተብሽ?» ብላት፣ «እኔ ባለሙያ አይደለሁም ብለውኛል፣ መሪጌታ» አለችኝ። የግብረ ኃይሉን ሰብሳቢ አቶ ይታገስን በስብሰባው ላይ ጠየቅሁት።

«መሪጌታ፣ መመሪያው የሚለው ባለሙያ ነው» አለኝ።

«አንሶላውን የሚያጥበው ባለሙያው ነው?»

«እሱማ አይደለም።»

«እንግዲያስ በሽታው መመሪያውን አንብቦ ነው ፈንታዬን የሚያልፋት?»

ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ቤቱ ተቀምጦ በሽታውን ሊሸሽ የማይችል ሰው፣ ማለት የጽዳት ሠራተኛው፣ መቃብር ቆፋሪው፣ ሹፌሩና ረዳቱ፣ ከሌላው ሰው አስቀድሞ ይከተብ ስንል ለዞኑ ጻፍን። ሐሳቡን እኔ አረቀቅሁ፤ ይታገስ ወደ ቢሮ ቋንቋ መለሰው። ብዙ ተመላልሰን ተከራከርን፤ በመጨረሻም ተፈቀደልን። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ደስታ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ክትባቱን ለማከፋፈል የተሰበሰብን ዕለት ከመካከላችን አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «እኛስ? በየስብሰባው የምንጋለጥ እኛ አይደለንም? ቤተሰቦቻችንስ?» አለ። ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ደሜ ፈላ። ተነሣሁና የቅስና መስቀሌን ይዤ፣ «እነዚህ የጻፍንላቸው ሰዎች ሁሉ ሳይከተቡ፣ እዚህ ከተቀመጥነው አንዳችን ወይም በየቤታችን ካለው ቤተሰብ አንዱ ክትባቱን ቢወስድ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ገዝቻለሁ» አልሁ። ሁሉም አሜን አለ። አሜን ያላለ አልነበረም። ከአዳራሹ ስወጣ ሰው እየቆመ መስቀል ሲሳለመኝ ራሴን ከፍ አድርጌ ነው የሄድሁት።

ፈንታዬ በማግሥቱ ተከተበች። ደግሞ ሳገኛት እጇን አንጠልጥላ፣ «ክንዴ ድንጋይ ሆኖብኛል፣ መሪጌታ! በተወጋሁበት ጎን መተኛት አቅቶኝ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርሁ፤ ግን ደስ ብሎኛል» አለችኝ። መቃብር ቆፋሪዎቹም ተከተቡ። ሹፌሮቹም እያጉረመረሙ፣ እየተገፋፉም ቢሆን ተከተቡ።

አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ይኸውም ከዚህ ወደ ሞጣ የሚነዳው ሽታሁን ነው።

ሽታሁን በጥር ያገባ ሙሽራ ነው። መርፌው ወንዱን መካን ያደርጋል የሚል ወሬ ሰምቶ እንቢ አለ። «ሁሉ» ብዬ ገዝቼ ነበርና አንድ ሰው በቀረ ጊዜ ግብረ ኃይሉ ከነቤተሰቡ በግዝቱ ታሰረ። የእናትሽ ተራ በዚህ መካከል መጥቶ አለፈ። ስኳሯንም፣ ትንፋሿንም ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ወይዘሮ ወይንእሸት፣ የሴቶችን ጉዳይ ወክላ አብራን የምትቀመጠው፣ በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። «መሪጌታ፣ እናቴ ሰማንያ ዓመቷ ነው። እርስዎን ፈርቼ ነው ያላስከተብኋት። ይፍቱንና እንገላገል» አለችኝ። ይታገስም በበኩሉ፣ «ወይ ይፍቱት፣ ወይ ሽታሁንን ተከተብ ብለው ይገዝቱት» አለ። ሰውን በፈቃዱ በማይገባበት ነገር መስቀል አንሥቼ አላስገድድም አልሁት።

የገዘተ መፍታት እንደሚችል ከእነርሱ ይልቅ እኔ ዐውቃለሁ። ነገር ግን አምና እነዚያ ወንድማማቾች በመሬት ድንበር ጠመንጃ የተማዘዙ ጊዜ በመካከላቸው የቆመው ምን እንደነበረ ታስታውሻለሽ። ፖሊስ አልነበረም። ግዝት ነበር። ዛሬ በቤቴ ታማሚ ስላለች የራሴን ግዝት ብፈታ፣ ነገ ጠመንጃ ያነሣ ሰው «መሪጌታም ለሚስታቸው ሲሉ ፈትተዋል» ብሎ ያልፈኛል። የሚሞተውም ሰው የአንድ እናት ልጅ ነው። ልጄ፣ በሁለቱ መካከል የተጣበቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ወይዘሮ ውበቴ ማረፏን ነግሬሻለሁ? ከእናትሽ ጋር በአንድ ቀን ለስኳር ክትትል ትሄድ የነበረችው ውበቴ ናት። ኮሮናው በያዛት በሳምንቱ ዐረፈች። ከቀብሯ በተመለስን ማግሥት፣ በሕይወቴ ለምኜ የማላውቅ ሰው፣ ሽታሁንን ልለምን መናኸሪያ ወረድሁ። ጓዴ ከሚባል ሌላ ሹፌር ጋር ከመኪናው ጥላ ሥር ቆሞ አገኘሁት።

«ሽታሁን፣ ልጄ፣ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ» አልሁት።

«ዐውቃለሁ፣ መሪጌታ። አገሩ ሁሉ ክንዴን ያይ ጀመር።»

«ጓዴ ተከትቦ ይኸው ቆሟል። ምን ሆነ?»

«ድምፁ ቀጥኗል እኮ! አልሰሙትም?»

«ያንተ ጥሩንባ ነው የቀጠነው!» አለ ጓዴ። «ፈሪ! ሚስትህን ልጠይቃት? እሷ ትከተብልህ?»

ሳቁ። እኔ ቆሜ ጠበቅሁ። ሽታሁን ሳቁን ሲጨርስ ፊቱ ተለወጠ። «መሪጌታ፣ እናቴ ከእኔ ሌላ የላትም። የልጅ ልጅ ሳላሳያት አንድ ነገር ብሆን ማን ይመልስልኛል? እርስዎ ስለ እኛ ብለው ዞን ድረስ መጻፍዎን ሰምቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልን። ግን ሲጽፉም ሲገዝቱም እኔን መቼ ጠየቁኝ?»

ይህን ያለኝ ባለጌ ሰው ቢሆን ኖሮ እመልስለት ነበር። የሐኪሞቹን ቃል ነገርሁት፤ ወሬው ሐሰት መሆኑንም አስረዳሁት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና፣ «ልጅ ሲሰጠኝ በማግሥቱ እከተባለሁ» አለኝ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመና ወደ ተሳፋሪዎቹ ሄደ። ሙሽራይቱ ገና ምንም የላትም።

ትናንት ከዕርገት ቅዳሴ ስንመለስ እናትሽ አቀበቱ መካከል ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። የሚያልፈው ሰው ሰላም ሲለን እጇን እያነሣች «ደኅና ነኝ፣ ደኅና ነኝ» ትል ነበር፤ ማንም ሳይጠይቃት። ከግዝቱ ወዲህ አንድም ቀን በቃል አልጠየቀችኝም። አንድ ጊዜ ጎረቤት ቢወተውታት፣ «በእርሳቸው ቃል ላይ እኔ አልረማመድም» ስትል በግድግዳው በኩል ሰምቻታለሁ።

ቤት ከገባን በኋላ፣ «እፀገነትን ካየሻት ቆየሽ» አልኋት።

ነጠላዋን ማጠፍ ተወችና አየችኝ። «ሞጣ ልሂድ ነው የሚሉኝ?»

«ሄደሽ ልጅሽን እይ ነው የምልሽ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ነገር አልተናገርሁም።»

ነጠላዋን አጥፋ ጨረሰች፤ ደግሞ ፈታችው፤ እንደገና አጠፈችው። «ስመለስ» አለችኝ፣ «ስመለስ መስቀልዎን ያሳልሙኛል?»

ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ከብዙ ሊቃውንት ፊት ቆሜ ተጠይቄአለሁ፤ ከጥያቄ ሸሽቼ ከቤቴ የወጣሁት ግን ትናንት ብቻ ነው። ውጭ ዝናብ ጀምሮ ነበር። ከዋርካው ሥር እስኪያባራ ቆምሁ። ስመለስ ልብሷን በዘንቢል አድርጋ፣ የክትትል ካርዷን ከላይ አስቀምጣ ነበር። ስለ ካርዱ አልጠየቅኋትም።

ነገ ቅዳሜ ከማለዳው ትሳፈራለች። በቀጥታ ሞጣ የሚገባው የሽታሁን መኪና ብቻ ስለሆነ ለእርሱ አደራ ሰጥቻታለሁ። «መስኮት አጠገብ አስቀምጣቸዋለሁ፤ መስኮቱንም ከፍቼ ነው የምነዳው» ብሎኛል። ቀጥሎም፣ «ሞጣ ያለችው ልጅዎ ነርስ ናት አይደል?» አለኝ። ናት ብዬ አለፍሁ። ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም፤ ዓይኑንም ከመሬት አላነሣም።

እንግዲህ እናትሽ የምትመጣው ልታይሽ ነው። ነርስ በሥራ ቦታዋ የምትሠራውን አባት አይመረምርም፤ እኔም አልመረምርሽም። ግዝቱ ግን እንዳለ ነው። አልፈታሁትም፤ አልፈታውምም። ይህን አጥብቀሽ ያዢው፤ ማንም ቢጠይቅሽ እንዲህ ብለሽ ትመልሻለሽ፤ እውነትም ነውና።

እርሷ ስትመለስ እኔ ወደ መርጡለ ማርያም፣ ወደ ንስሐ አባቴ እሄዳለሁ። ከመመለሷ አስቀድሞ የምነግራቸው ነገር የለኝም። ከዚያ መጥቼ በግብረ ኃይሉ ፊት እቆማለሁ፤ ወንበሬንም አስረክባለሁ። የወይንእሸትን እናት አስባለሁ፤ ለእርሷ የሚሆን ሞጣ የለኝም። ይህ ነገር ከማንኛውም ይልቅ እንቅልፍ ይነሣኛል። መስቀሌን በተመለከተ እናትሽ የጠየቀችኝን እስካሁን አልመለስሁላትም። ንስሐ አባቴ የሚሉትን ሰምቼ እመልስላታለሁ ብለሽ ንገሪያት። ወይም አትንገሪያት። ስትመለስ እኔው በር ላይ እቆያታለሁ።

በመንገድ ደክማ ስለምትገባ ወዲያው አታስነሺያት፤ ትረፍ። ጨውና ስኳር አታብዢባት። ካንቺ ዘንድ እስከፈለገች ድረስ ትቆይ፤ እኔ ለራሴ አላንስም።

የእናትና የአባትሽ አምላክ የምትነኪውን በሽተኛ ሁሉ ይፈውስልሽ፤ እጅሽን ከድካም፣ ቤትሽንም ከሐዘን ይሰውርልሽ። እኔን ያሰረኝ አንቺን አይሰርሽ። ስልክ ስደውል አንሺ፤ «ደረሰች» የምትዪኝ አንዲት ቃል ትበቃኛለች።

አባትሽ
መሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ

ማሳሰቢያ፦ እናትሽ የምትተኛው በቀኝ ጎኗ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ በሌላው ጎን ተኝታ አታውቅም። ይህን እንዳትዘነጊ።