ተራህን ጨርስ

መስከረም 19

ዝናቡ ሊያቆም ነው መሰል። ብርድ ልብሶቹን አጥቤ አሰጣሁ። ባሌን አዩብን ገላውን አጥቤ፣ ቁስሉን ጠርጌ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ምሳውን መለሰው። ጨው በዛ አለ። ደግሜ ብሠራ ቀዘቀዘ አለ።

ሌላ ነገር የለም።

መስከረም 22

ዳታ ከተቋረጠ ወዲህ ባሰበት። ጂዳ ካሉት ጓደኞቹ ጋር ስልኩ ላይ የሚጫወተው ጨዋታ ነበር ቀኑን የሚያስረሳው። ከፎቅ ወድቆ ወገቡ ሳይሰበር፣ እዚያ ጂዳ የሠራተኞች ካምፕ እያለ የለመደው ነው። አሁን የሚጫወትበት ሰው የለም። ግድግዳ ያያል። እኔን ያያል... ከዚያ ይሳደባል።

ዛሬ ግን "ነይ ቁጭ በይ" አለኝ። "አንድ ስልክ ለሁለት እየተቀባበልን መጫወት ይቻላል። አንቺ ቀዩ፣ እኔ ሰማያዊው።"

"እኔ ምን አውቄ?"

"ለዚያ እኮ ነው። የማሸንፈው ሰው ነው የፈለግኩት።"

ካርታ ነው። ጫካ፣ ወንዝ፣ ተራራ። መጀመሪያ አንድ ከተማ ይሰጡሻል። ወታደር ታወጫለሽ፣ ሌላ ከተማ ትሠሪያለሽ፣ የጠላትሽን ትቀሚያለሽ። እሱ የሚያደርገውን ያደርግና ስልኩን ይሰጠኛል። እኔም የማደርገውን አድርጌ እመልሳለሁ። ከተማ ያለቀበት አለቀለት።

ከምሳ በፊት አለቀልኝ። ሳቀ። አገሩ ከተመለሰ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ገና ዛሬ ነው። ሲስቅ መልከ መልካም ነው... ረስቼው ነበር።

መስከረም 29

ዛሬም ተሸነፍኩ። ታዲያ ለምንድነው ሰሃን እያጠብኩ ስለ ፈረሰኞቼ የማስበው?

የገባኝ መሰለኝ። በዚህ ቤት ቆሜ እንዳስብ የፈቀደልኝ ሰው የለም። "ዘይነባ ውሃ!" "ዘይነባ አዙሪኝ!" እናቱ እማ ጠይባ ሁለቴ ከተጣሩ ቀኑን ሙሉ ያኮርፋሉ። እዚያ ውስጥ ግን ተራው የኔ ከሆነ ዓለም ይቆማል። ጠላት ደጄ ላይ ጦሩን እንደሰበቀ ይጠብቀኛል። "ተራ ጨርስ" የምትለዋን እስክነካ ማንም ምንም ሊያደርገኝ አይችልም።

"ምን ታፈጫለሽ? ቶሎ በይ!" ይላል አዩብ።

"ተራዬ ነው" እላለሁ።

ዝም ይላል። ሕጉ ነዋ። እሱን ዝም የሚያሰኝ ሌላ ቃል አግኝቼ አላውቅም።

ጥቅምት 6

ሃሩን ሊጠይቀው መጣ። ገበያው ጥግ ስልክ የሚጠግነው፣ የልጅነት ጓደኛው። ስንጫወት ትንሽ አየና "ዘይኑ ደህና እየሆነች ነው" አለ።

አዩብ ፊቱ ተቀየረ። "ይቺ? ከብት እኮ ናት። አንድ ቀን ካሸነፈችኝ በሦስት ጦላቅ የተፈታች ትሁን! ምስክር ሁን።"

"አቦ ተው፣ አፍህን ሰብስብ።"

"ምን ችግር አለው? አታሸንፍም።"

ሻይ እየቀዳሁ ነበር። ጠብታ አልፈሰሰም።

አምና ፍታኝ ብዬው ነበር። "ስሞት" ነው ያለኝ። አባቴ ደግሞ "ባልሽ ሳይፈታሽ ደጄን እንዳትረግጪ፣ ሰው በሽተኛ ባሏን ጥላ መጣች ይለኛል" አለ። ኒካህ አስሮ በሳምንቱ ነው አዩብ የሄደው። ጤነኛ ሆኖ የማውቀው ያችን ሳምንት ነው። ያኔ እጄን ይዞ መንገድ ላይ መሄድ ያሳፍረው ነበር... አሁን ገላውን ሳጥበው አያፍርም፤ ይሰድበኛል።

ጥቅምት 8

ሸህ ባህሩ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ ጠየቅኳቸው።

"ለቀልድ ቢልስ ሸሆዬ? የስልክ ጨዋታ ቢሆንስ?"

"በዚህ ነገር ቀልድ የለም ልጄ። ያለው ነገር ከደረሰ ጦላቁ ወድቋል፤ ተፈተሻል።"

"ቃሉን ማንሳትስ ይችላል?"

"ከአፉ ወጥቷል እኮ።" ትኩር ብለው አዩኝ። "ይልቅ አንቺም መጫወቱን ተዪው። ሰውዬው ያለ አንቺ ማን አለው?"

"እሺ" አልኩ።

ወላሂ ግን አላልኩም። እሺ ብቻ።

ጥቅምት 21

መብራት በጠፋ ቁጥር ስልኩን ሃሩን ሱቅ፣ ሶላር ላይ ቻርጅ አደርጋለሁ። እስኪሞላ ከራሱ ከስልኩ ጋር እጫወታለሁ። አዩብን ደግሞ በልቤ አያለሁ። ሁልጊዜ ችኩል ነው። ፈረሰኞቹን ሁሉ ወደፊት ይልካል፣ ከኋላ ከተማው ባዶ ይቀራል። እንዴት እስከዛሬ አላየሁትም?

"ጥርስሽን ነክሰሽ ነው እንዴ የምትጫወቺው?" አለኝ ሃሩን። "ጨዋታ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ።"

ኅዳር 2

ትልቁን ካርታ ጀምረናል። ቀስተኞቼን ጫካ ውስጥ ደበቅኩና ተቀመጥኩ። ምንም አላደርግም። ተራዬን ጨርሼ እሰጠዋለሁ። "ፈሪ" ይለኛል። "እናትሽም እንዲሁ ፈሪ ነበረች፣ ፈርታ ነው የሞተችው።"

ዛሬ ፈረሰኞቹ ወንዙን ተሻገሩ። አንድ በአንድ ጨረስኳቸው። ደስ አለኝ ብል ያንሳል። አፌን ምራቅ ሞላው።

"እንዴት እዚያ አስቀመጥሻቸው?"

"ከብት ስለሆንኩ።"

ኅዳር 7

ሁለት ከተማ ቀረው። ዛሬ "ዘይኑዬ" ብሎ ጠራኝ። ምሳውን ጨርሶ እጅሽ ይባረክ አለ። እማ ጠይባ "ምን አገኘው ልጄን? አንደበቱ ለሰለሰ እኮ፣ አልሃምዱሊላህ" እያሉ ይዞራሉ።

ከሰዓት በኋላ ቀስ ብሎ ጀመረ። "ያን ቀን ሃሩን ፊት ያልኩት... ቀልድ ነበር።"

"ሸህ ባህሩ ቀልድ የለም ብለዋል።"

ነጣ። "ጠየቅሻቸው?"

"ጠየቅኳቸው።"

"ይሄን እናጥፋውና ሌላ እንጀምር በቃ።"

"አጥፋው። ፈርቶ አጠፋው ብዬ ለሃሩን እነግረዋለሁ። ዳታ ሲመጣ ጂዳ ላሉትም።"

ጣቱ ስልኩ ላይ ተንጠልጥላ ቆየች። አላጠፋውም። እንደማያጠፋው አውቅ ነበር። ከወገቡ በታች ሞቷል፤ የቀረችው ኩራቱ ናት። የያዝኩትም እሷን ነው።

ኅዳር 11

አንድ ከተማ ቀረችው። ዙሪያዋን ከብቤያታለሁ። ተራው የሱ ነው... አይጨርስም። ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ይተኛል።

"ተራህን ጨርስ።"

"እያሰብኩ ነው።" ፈገግ አለ። "እኔ እስክጨርስ ምንም ማድረግ አትችይም አይደል? እስክታረጂ ላስብ እችላለሁ።"

ጓዳ ገብቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ያች የምወዳት ነገር፣ ተራ ይዞ ዓለምን ማቆም፣ በሱም እጅ ትሠራለች።

ኅዳር 14

እማ ጠይባ ለለቅሶ ወግዲ ከተማ ሄዱ። ነገ ከሰዓት ነው የሚመለሱት። "ልጄን አደራ" ብለውኝ ወጡ።

ኅዳር 15

ጠዋት ተጣራ። "ዘይነባ፣ ረጥቤያለሁ።"

"እያሰብኩ ነው" አልኩት።

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሰደበኝ። እኔን፣ አባቴን፣ የሞተችውን እናቴን። ወንበር ስቤ በሩ ላይ ተቀመጥኩና ምስር ለቀምኩ። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ሽታው መጣ። ከወገቡ በላይ ይንቀጠቀጣል። ጀርባው ላይ ያለው ቁስል እርጥበት እንደማይወድ አውቃለሁ። ከኔ በላይ ማን ያውቃል? በየቀኑ የምጠርገው እኔ።

"በአላህ ይሁንብሽ፣ ውሃ እንኳ ስጪኝ።"

"ተራህን ጨርስ።"

"ከዚያ ታጥቢኛለሽ?"

አልመለስኩለትም። ዝምታዬን እሺ ነው ብሎ ወሰደው። እንዲያ እንዲወስደው ነው ዝም ያልኩት።

ጨረሰ። ጣቱ ስትነካት አየሁ። ስልኩን ዘረጋልኝ። ቀስተኞቹን አስጠጋሁ። ከተማዋ ቀይ ሆነች። ስልኩ የሆነች ሙዚቃ አሰማ።

"በይ አሁን እጠቢኝ።"

"አልችልም" አልኩት። "ፈትተኸኛል። ባዳ ሴት ነኝ። ገላህን ብነካ ሐራም ነው።"

አለቀሰ። እንዳላየው ፊቱን ወደ ግድግዳው ሊያዞር ሞከረ፤ አልቻለም። የማዞረው እኔ ነበርኩ።

ውሃውን አጠገቡ አስቀመጥኩለት። ነጠላዬን ለብሼ ሃሩንን ልጠራ ወጣሁ። በአቋራጩ አልሄድኩም። በገበያው በኩል ዞሬ፣ ቀስ እያልኩ ነው የሄድኩት።

ኅዳር 18

ሸህ ባህሩ የሃሩንን ምስክርነት ሰሙና "ወድቋል" አሉ። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም። ኢዳዬን፣ የፍቺ መቆያ ጊዜዬን፣ እህቴ ቤት እቆጥራለሁ።

እማ ጠይባ ይረግሙኛል ብዬ ነበር። አልረገሙኝም። ልብሴን ሳጣጥፍ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"ቁስሉ ሰፍቷል" አሉ።

"አውቃለሁ እማ።"

"እንዴት አስቻለሽ ልጄ?"

ምን ልበላቸው? እውነቱን ብነግራቸው... አላስቸገረኝም ነው።

ኅዳር 19

በአቀስታ በኩል ደሴ፣ ከደሴ ኩታበር፣ እህቴ ጋ። መንገዱ ያንገላታል። አላለቀስኩም።

ጥር 23፣ ኩታበር

እህቴ መዲና ሱቅ እየተቀመጥኩ ነው። ሰው ያከብረኛል። በሽተኛ ባሏን ስታስታምም ኖራ የተፈታች ምስኪን... እንዲያ ነው የሚያወሩት። አላስተካክላቸውም።

ሃሩን ባለፈው ደውሎ ነበር። ቁስሉ እየጠገገ ነው አለ። እናቱ ናቸው የሚያጥቡት። ወገባቸውን ይዟቸዋል። እነሱ ጋ፣ መካነ ሰላምም ዳታ ተለቋል።

ጨዋታውን መዲና በሰጠችኝ አሮጌ ስልክ ላይ ጭኜዋለሁ። በየቀኑ እጫወታለሁ። ግን ከስልክ ጋር ምን ጣዕም አለው? ሲሸነፍ አይለምን፣ አይሳደብ።

ዛሬ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። አዩብ አዲስ ጨዋታ ከፍቶ ጥሪ ልኮልኛል። ሰላምታ የለ፣ ስድብ የለ። የመጀመሪያ ተራውን ተጫውቶ ጨርሷል።

መዲና በትከሻዬ በላይ አየችው። "እንዳትነኪው! ምን ፈልጎ ነው ደግሞ?"

"መጫወት።"

"ሴትዮ፣ ስንት ልመና ለምነሽ ከእጁ ወጣሽ! አንቺስ ምን ፈለግሽ?"

ደንበኛ ገባ። ስኳር መዘንኩለት። ከሄደ በኋላ ተቀምጬ ካርታውን አየሁ። ከተማውን ሜዳ ላይ ነው የሠራው፣ በሦስት በኩል ክፍት። ተሳስቶ ነው? ወይስ እንድገባለት? ለኔ ልዩነት የለውም።

ተቀበልኩት።

በዚህኛው አልቸኩልም። እስከ ክረምት አቆየዋለሁ።