ያላለቀው ቅዳሜ

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

የስድስት መጋረጃ ጠርዝ አጥፌ ሰፋሁ። የትምህርት ቤት ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አረንጓዴ። ዓይኔ ደከመ።

ከምሳ በኋላ የልጄ ክፍል ገባሁ። እህቴ “ቢያንስ አቧራውን አራግፊው” እያለች ስትነዘንዘኝ ከረመች። አራገፍኩ።

ባለ ሥዕል ካርዶቿ የሌሉበት ቦታ የለም። ጠረጴዛው ላይ፣ መሳቢያ ውስጥ፣ በጫማ ካርቶን፣ በላስቲክ ታስረው። ከሆስፒታል በተሰጠኝ ቦርሳዋ ውስጥም አንድ እስር ነበር። ሁሉንም አወጣሁና እንደ ክር ለየኋቸው። ቀዩን ከቀይ፣ ነጩን ከነጭ፣ ጥቁሩን ከጥቁር... ላስቲኮቹን ጣልኳቸው። ስምንት መቶ ምናምን ካርድ በአምስት ክምር ቀጥ ብሎ ቆመ። አማረ። እሷ እንዲህ ሥርዓት አይሆንላትም ነበር።

ልወጣ ስል ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አየሁ። በየቅዳሜው ላይ በእጇ የጻፈችው አንድ ቃል አለ። ድራፍት።

ድራፍት? ልጄ?

የካቲት 4፣ ረቡዕ

እንደገና ገልጬ አየሁት። አንድም ቅዳሜ አልቀረ። መኪና የገጫት ያ ቅዳሜም አለ።

ያን ቀን ትራፊክ ፖሊሱ “ጠጥታ ነበር እንዴ?” ሲለኝ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጮህኩበት። መጠጥ በልጄ አፍ ዞሮ አያውቅም ብዬ ማልኩ። መኪናውን የነዳው ሰውዬ “አንገቷን ደፍታ መንገዱ ውስጥ ገባች” ነው ያለው። ሰክራለች አላለም። ግን አንገት ደፍቶ መንገድ የሚገባ ምን ዓይነት ሰው ነው...

በውሸት ነው የማልኩት?

የካቲት 6፣ ዓርብ

ደብተር አገኘሁ። ትራሷ ሥር። እንዲህ ይላል፦

“ቀይ አበዛሁ። ሦስቱንም ተሸነፍኩ።”

“ነጭ ከጥቁር ጋር ቀላቀልኩ። አልሄደም።”

“ቅመም ቀዩን ሁሌ ቀድማኝ ትጨርሰዋለች።”

ቀይ፣ ነጭ... ወይን ነው? ቢራው አልበቃ ብሎ? ቅመም የምትባለዋስ ማን ናት?

እህቴ ጋ ደወልኩ።

“አንድ ሁለት ብትልስ? ሃያ አራት ዓመቷ እኮ ነበር! መነጽር ሱቅ መስታወት ስትሞርድ የምትውል ሠራተኛ ልጅ!”

“እናቷ ነኝ፣ እንዴት አላውቅም?”

“እኔና አንቺ እማማ ሳታውቅ ያላደረግነው ምን አለ?”

“እኔ ምንም አላደረግኩም።”

“እሺ፣ እኔ ብቻ ነኝ” ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን በመሐል አቋርጣ ደህና ዋይ አለችኝ።

በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ፦ “ቅዳሜ 9 ሰዓት፣ የደብተር ሱቁ ጓዳ።” ሱቁን አውቀዋለሁ። አንደኛ ክፍል ስትገባ እርሳስ የገዛሁላት እዚያ ነው። የደብተር ሱቅ ጓዳ ውስጥ ድራፍት ይቀዳል?

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። መሄዴን ለማንም አልተናገርኩም።

ጓዳው ጠባብ ነው። የወረቀት ካርቶን እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ መሐል ላይ አንድ ጠረጴዛ። ሦስት ሰው ተቀምጧል፦ ባለ ሱቁ፣ አንድ ወፍራም ጎልማሳ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ። ብርጭቆ የለም። ጠርሙስ የለም።

“ድራፍቱ የት አለ?” አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ወፍራሙ ሰውዬ ቀና አለ። “እናት፣ ተሳስተዋል። እሱ ማዶ ነው። በጣም ቀዝቃዛ አላቸው፣ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ።”

ልጅቷ ብድግ አለች። “ዝም በል! መልካቸውን አታይም? የቆይቆይ እናት ናቸው።”

ቆይቆይ... ልጄን እንዲህ ነበር የሚሏት። ካርድ ከማንሳቷ በፊት “ቆይ ቆይ” ስለምትል። እቤት ውስጥም ትለው ነበር፤ ጫማ ስታደርግ፣ ስጠራት። ስም ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቅመም ማለት ቀጭኗ ልጅ ናት። ወፍራሙ ፀጉር አስተካካይ ነው። ድራፍት የሚሉት ደግሞ የካርድ አመራረጥ ነው። እያንዳንዱ አንድ ፓኬት ይከፍታል፤ አሥራ አምስት ካርድ አለው። አንድ ያስቀራል፤ የቀረውን ለጎኑ ሰው ያሳልፋል። የመጣለትን ያያል፤ አሁንም አንድ ያስቀራል። ካርዱ እስኪያልቅ እንዲህ፤ ሦስት ፓኬት። አርባ አምስት ካርድ ሲሞላ አሥራ አምስቱን ይጥላል፤ በሠላሳው ይጫወታል። ሠላሳውን “ዴክ” ይሉታል። ቀይና ነጭ የካርዱ ቀለም ነው።

ሳቅኩ መሰለኝ። ከዚያ አለቀስኩ። ወይስ መጀመሪያ አልቅሼ ነው? ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

“ያን ቀንስ?” አልኩ።

ባለ ሱቁ ወደ መደርደሪያው ጠቆመኝ። በላስቲክ የታሰሩ ሦስት እስሮች። “ያን ቀን መርጠን ጨርሰን ነበር፣ እትዬ። ልንጫወት ስንል ወጣች። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይቆይ አለችን። ከዚያ ወዲህ አልነካነውም። የእሷ ሳይመጣ እንዴት እንጨርሰው?”

“የእሷ አርባ አምስት እርስዎ ጋ ነው አይደል?” አለች ቅመም። “ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።”

የቦርሳዋ እስር... ትዝ አለኝ።

“እኔ ጋ ነው” አልኩ። “እንዳለ አለ።”

አልጠጣችም። እኔ ግን ዋሸሁ።

የካቲት 8፣ እሑድ

ላስቲኩን ከቆሻሻ መጣያው ፈልጌ አወጣሁት። ላስቲኩ ምን ያደርግልኛል?

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

አልሄድኩም።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

ቅመም ቤት መጣች። አድራሻውን ከመነጽር ሱቁ ጠይቃ ነው። የምደብቅበት ስላልነበረኝ ክፍሏን ከፈትኩላት። አምስቱን ክምር አየች።

“በቀለም ለየኋቸው” አልኩ። “እኔ የማጽዳት መስሎኝ... የቦርሳውንም ቀላቀልኩት።”

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ክምር አቀፈችና ካርዶቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረች።

“ከእሷ በስተቀኝ ነበርኩ፣ እናቴ። ምን እንዳሳለፍኩላት አውቃለሁ።” አንድ ካርድ መዘዘች። “ይቺን ሳሳልፍላት አንጀቴ እያረረ ነው። እኔም እፈልጋት ነበር። ሁለት ማስቀረት አይቻልም።”

ሃያ አንድ ካርድ አወጣች። ሁለት ሰዓት ፈጀባት። መጨረሻ ላይ የፈራሁትን ጠየቅኳት።

“ለምን ሳትጫወት ወጣች?”

ካርዶቹን ማስተካከል ያዘች። የተስተካከሉትን። “እርስዎ ደወሉላት።”

ደውያለሁ። መደወሌንማ አልረሳሁም። ቶሎ ነይ፣ የሳሎኑን መጋረጃ ብቻዬን መስቀል አቃተኝ አልኳት። “ቆይ ቆይ፣ መጣሁ እማዬ” አለች። ከምን ላይ እንዳስነሳኋት ግን አላውቅም ነበር።

“በሩ ላይ ካርዶቹን ዘርግታ የትኞቹን ልጣል አለችኝ” አለች ቅመም። “እኔ ደግሞ...”

“እሺ?”

“መንገድ ላይ አስቢበት አልኳት።”

ሻይ ላፍላ አልኳት። አዎ አለች።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

መንገድ ላይ አስቢበት። አንገቷን የደፋችው ለካ ለዚህ ነው። እንዲህ ይባላል? በመንገድ ላይ?

ይባላል። ሰው የሚለው ነገር ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ብያለሁ።

ቶሎ ነይም ይባላል።

ማን ላይ ልናደድ? መጋረጃው ላይ? አረንጓዴውን ጨርቅ ዛሬ በግልባጩ ሰፋሁት። ተረተርኩት።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

ካርዶቹን በሙሉ በጫማ ካርቶን ይዤ ሄድኩ። ለባለ ሱቁና ለፀጉር አስተካካዩ እውነቱን ነገርኳቸው። ፀጉር አስተካካዩ ፂሙን አከከ። “እኔ ስንቱን ፀጉር አበላሽቼ አውቃለሁ” አለ። “ደግሞ ያድጋል።” ባለ ሱቁ በክርኑ ጎሸመው። ሰውዬው አፈረ። እኔ አልከፋኝም።

እነሱም ያሳለፉላትን ፈለጉ። ሁለተኛው ፓኬት ላይ አዟዟሩ ይገለበጣል፤ ስለዚህ በግራዋ የነበረው ፀጉር አስተካካዩ ነው የሚያውቀው። በአንድ ካርድ ከቅመም ጋር ተጣሉ።

“እኔ ነኝ ያስቀረሁት!” “ውሸታም፣ እስርህን ፍታውና እንይ!” “አይፈታም ተባብለናል!” “እንግዲያው አፍህን ዝጋ!”

እንደ እህትና ወንድም ናቸው። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትውለው እንዲህ መሐል ነበር።

አርባ ካርድ ላይ ቆመ። አምስቱን የሚያስታውስ ጠፋ።

“አምስቱን እርስዎ ይሙሉበት” አለ ባለ ሱቁ።

“እሷ የወሰደችው ካልሆነስ?”

“ላይሆን ይችላል።”

“ሠላሳውንስ ማን ይለየው?”

ሦስቱም እኔን አዩኝ።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ቅመም ከሥራ በኋላ ትመጣለች። የሚያምረውን ሳይሆን አብሮ የሚሠራውን ነው የሚይዙት ትለኛለች። አንዷን ወፍ ወድጃት ነበር። “ስድስት ጉልበት ትጠይቃለች፤ እሷ እስክትነሳ አልቆልዎታል” አለችኝ። ጉልበት የሚሉት በየዙሩ አንድ አንድ እያለ የሚጨምር ነው። ለምን እንደሚጨምር ሦስት ጊዜ አስረዳችኝ። አልገባኝም። ገባኝ ብያታለሁ።

ከባዱ መጣል ነው። አሥራ አምስት ካርድ። እያንዳንዱን ሳነሳው ይሄንን እኮ ከአሥራ አምስት መሐል መርጣ ነው ያስቀረችው እላለሁ። እንዴት ልጣለው? በሩ ላይ የጠየቀችው ይሄንኑ ነበር።

ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ተቀምጬ አሰብኩበት።

የካቲት 27፣ ዓርብ

ሠላሳ። ወፏን ጣልኳት። ቀኑን ሙሉ ትክክል ነኝ ወይ እያልኩ ዋልኩ። መጋረጃዎቹን ግን አስረከብኩ።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

ሦስቱም እስራቸውን ከመደርደሪያው አወረዱ። ላስቲኩን ፈቱት።

መጀመሪያ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ተጫወትኩ። አሸነፍኩት! እንዴት እንደሆነ ግን አላውቅም። ያወጣሁት ነገር ሁሉ ከሌላው ጋር ይገጥማል፤ እያገዘ ይመጣል። እኔ ካርድ አስቀምጣለሁ፤ እሱ ጭንቅላቱን ይይዛል። ለቀቅህልኝ አልኩት። “በልጆቼ! ሥራዬ ይሙት!” አለ።

ከባለ ሱቁ ጋር ተሸነፍኩ። ተራዬ መሆኑን ረስቼ እሱን ሳይ፣ እሱም በትዕግሥት ሲያየኝ... ከቅመም ጋርም ተሸነፍኩ። እጄ ላይ ጥሩ ካርድ ነበር። ለኋላ ይሁነኝ ብዬ ያዝኩት። ኋላ የሚባል አልነበረም። ቅመም ስታሸንፈኝ ከንፈሯን ነከሰች፤ ግን አሸነፈችኝ። ባትጨክን ኖሮ እከፋ ነበር።

ባለ ሱቁ የዚያን ቀን ወረቀት አወጣ። አራት ስም አለበት። ቆይቆይ ከሚለው ጎን አንድ ማሸነፍ፣ ሁለት መሸነፍ ጻፈ።

“ሁለቱን ሰርዘው” አልኩት።

“ምን ሆነ፣ እትዬ?”

“የተሸነፍኩት እኔ ነኝ። እሷ ጥሩ ካርድ ይዛ ቁጭ አትልም። ተራዋንም አትረሳም። ማሸነፉን ለእሷ ተውላት፤ ካርዶቹ ናቸው ያሸነፉት፤ የመረጠችው እሷ ናት። ሽንፈቱን በእኔ ጻፈው።”

“አንድ ሰው በሁለት መስመር አይጻፍም እኮ። ሕጉ...”

“ሁለት ሰው ነን” አልኩት።

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ካርቶኖቹ ዞረ። ቅመም ወረቀቱን ይዛለት ነበር፤ እንዳይንቀሳቀስ። ባለ ሱቁ ማስመሪያ አነሳ። ከአራቱ ስም በታች አምስተኛ መስመር አሰመረ፤ ቀጥ አድርጎ። “እናት” ብሎ ጻፈበት። ከጎኑ ሁለት ሽንፈት።

በደንብ አየሁት። የእኔ ሁለት ብቻ ናቸው።