ሳታጥበው የበላኸው ወይራ

ሲሳይ፣ የቤዛ አባት፤

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሌሎች ሴቶች ባላቸው መቃብር ላይ ሄደው ያለቅሳሉ። እኔን የሚያምረኝ መጣላት ስለሆነ ሰው በማይኖርበት ሰዓት ነው የምሄደው። ዛሬ ግን በወረቀት ልበልህ። ተናድጄብሃለሁ። አሁንም አልበረደልኝም።

የቤቱን ላስቀድም። ቤዛ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠግኗል። ለለቅሶ ከብልባላ የመጡት እናትህ በዚያው እኛ ጋ ቀርተዋል። መደርደሪያው ላይ ዛሬም የወይራ ጠርሙስ አለ፤ አንተ ያመጣኸው ካለቀ ቆይቷል፣ ይኸ እኔ መርጬ የገዛሁት ነው።

ያኔ ሆቴላችሁ እንግዳ አጥቶ ሊዘጋ ሲል፣ መጋዘን የቀረውን ተካፈሉ ተባላችሁ። ጓደኞችህ ዘይትና ሩዝ ተሸክመው ወጡ። አንተ፣ የሆቴሉ ዋና ወጥ ሠሪ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ የወይራ ፍሬ ይዘህ መጣህ። «ይኸን ምን ላድርገው? እኛ ወይራን የምናውቀው ለማጠኛና ለመፋቂያ ነው!» ብዬ ጮህኩብህ። «ጾም ሲገባ ታመሰግኚኛለሽ» ብለህ ሳቅህ።

እውነትህን ነበር። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቼ ውሃው የደፈረሰውን እንድተው አስተማርከኝ። አረንጓዴው ጠንካራ ስለሆነ በቢላ ጀርባ ተጨፍልቆ፣ ዘሩ ወጥቶ፣ ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር ለሰላጣ። ጥቁሩ ተከትፎ ምስር ወጡ ላይ፣ እሱም ከእሳት ሲወርድ እንጂ ሲፈላ እንዳይሆን፤ ከፈላ ይመራል። ያ የተጨማደደው፣ ቤዛ «ሽማግሌው» የምትለው፣ ከትኩስ ዳቦ ጋር ብቻ። አንዴማ ከገነተ ማርያም መንገድ የዱር ወይራ ፍሬ ለቅመህ መጥተህ ሦስት ሳምንት በጨው ውሃ ነከርከው። ሲወጣ ሁሉም ዘር ነበር። እናትህ ያን ሰሞን ሊጠይቁን መጥተው «የወፍ ቀለብ ልታበላን ነው?» ሲሉህ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ከሁሉ በላይ የነገርከኝ ግን ይኸን ነው፦ «ሳትዘፈዝፊ እንዳታቀርቢ። ውሃውን ሁለት ጊዜ ቀይሪ፤ ጨው ጥሩ አይደለም።» ለእኔና ለቤዛ እራስህ ትዘፈዝፍልን ነበር። አንተ ግን ምድጃው አጠገብ ቆመህ፣ ከነጨው ውሃው፣ ከጠርሙሱ እያወጣህ ትበላ ነበር። ጨው ይወዳል ብዬ እስቅብህ ነበር። እስቅብህ ነበር፣ ሲሳይ!

ቅዳሜ ከገበያ ስንመለስ ዳገቱ ላይ ወደቅህ። ቲማቲሙ ቁልቁል ተንከባለለ፤ እኔ ሞኟ መጀመሪያ እሱን ልሰበስብ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል አፍህ ተጣሟል። ሐኪሞቹ ደም ግፊት ነው አሉ። «ግፊት እንዳለበት ያውቅ ነበር?» ብለው ሲጠይቁኝ «ኧረ ባሌ ጤነኛ ነው» ብዬ ተቆጣኋቸው።

ከአርባህ በኋላ ነጩን የሥራ ጋዋንህን ለሰው ልሰጥ ሳጥብ፣ ከውስጥ ኪሱ የቀጠሮ ካርድ ወጣ። ከመሞትህ ስምንት ወር በፊት የተጻፈ። ግፊትህን ሦስት ጊዜ ተለክተሃል። ኪኒን በየቀኑ፣ ጨው ፈጽሞ አይጠቀም ይላል። ካርዱን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ አየችኝና፣ «እህቴ፣ ኪኒኑን ሚስቴ ታስታውሰኛለች ብሎኝ ነበር እኮ» አለችኝ።

በእኔ ስም ዋሸህ። ኪኒኑ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም፤ ቤቱን ፈትሼ አንድም ፍሬ አላገኘሁም።

ካርዱን ለእናትህ አሳየኋቸው። አልደነገጡም። ያን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። «አስምሎኝ ነው፣ ልጄ» አሉ፤ «እንዳትጨነቂ ብሎ ነው።»

«አሁንስ አልተጨነቅሁም?» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ለወራት፣ ሁዳዴውንም ጨምሮ፣ ከእግዜር ይስጥልኝ በቀር አልተነጋገርንም። ምግባቸውን አቀርባለሁ፣ ልብሳቸውን አጥባለሁ፣ ፊታቸውን ግን አላይም። ልጃቸውን ቀብረው ቤቴ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር፤ አውቅ ነበር፤ ግን አልቻልኩም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት የበሩን መቃን ይዘው ቆመው አየኋቸው። «ምን ሆኑ?» ስላቸው «ምንም» አሉኝ። «ደከመህ?» ስልህ የምትመልስልኝን ያንተኑ ቃል! ነጠላቸውን አልብሼ፣ እየተቆጡኝ፣ በባጃጅ ወሰድኳቸው። የእሳቸውም ግፊት ጣሪያ ነክቷል።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ኪኒናቸውን እስኪውጡ ፊታቸው እቆማለሁ። «አፌን ልክፈትልሽ?» ይሉኛል። «ይክፈቱ» እላቸዋለሁ። ወይራ አንተ ካስለመድካቸው ወዲህ ስለማይተዉት ለእሳቸው ጥቂት ፍሬ ብቻ ለብቻው እዘፈዝፋለሁ፣ ውሃውን ሦስት ጊዜ እቀይራለሁ። «ገለባ አበላሽኝ» እያሉ ያማርራሉ፤ ቤዛ ትስቃለች። ፊታቸውንም ማየት ጀምሬያለሁ።

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ራሴን አሞኛል» አሉኝ። ሳልጠይቃቸው። ይዣቸው ሄድኩ፤ ኪኒናቸው ተቀየረላቸው፤ ደህና ናቸው። ባጃጁ ውስጥ ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ እሳቸው ለራሳቸው ያለቀስኩ መስሏቸው «አይዞሽ» አሉኝ። ያለቀስኩት በንዴት ነው። ራሴን አሞኛል። ሁለት ቃል ነው፣ ሲሳይ። አሥራ ሰባት ዓመት አብረን ኖረን ሁለት ቃል ነፈግኸኝ።

አልረሳህም። ሳቅህንም፣ ያስተማርከኝንም፣ የደበቅኸኝንም አንድ ላይ እይዘዋለሁ፤ ለቤዛም ሳልቀንስ እነግራታለሁ። ስንገናኝ ግን ደህና ነህ ወይ ከማለቴ በፊት ለምን እንዳልነገርከኝ ነው የምጠይቅህ። መልስህን አዘጋጅተህ ጠብቀኝ።

ሚስትህ እናኑ