ነፍሰ ጡሮችን በጨርቅ ሚዛን ለሚመዝኑት ሥራ አስኪያጅ

ክቡር የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ ይብዛ፣ ቀበቶዎም ቀዳዳ አይጠርበት እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

የምጽፍልዎ ስለ ጥቃቅን ነገር ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በስፌት ክፍሉ መግቢያ ያስለጠፉት ወረቀት ተንጋዷል፤ እሱን ለማንበብ ያጣመምኩት አንገቴም እስከ ዛሬ ያመኛል። ወረቀቱ በየሰኞው የሚመዘኑ ነፍሰ ጡር ሰፊዎች ከማርገዛቸው በፊት ከነበሩበት የጨመሩት ኪሎ ዝርዝር ሲሆን፣ ከሥሩ «ከሰባት ኪሎ በላይ የጨመረች ከስፌት መኪና ተነስታ ግቢ ትጠርጋለች» ይላል። ከዝርዝሩ ውስጥ ጓደኞቿ «መርፌ» የሚሏት የእህቴ ልጅ አለች፤ ሰባተኛ ወሯ ነው።

፩. ሳህን ማጠብ ስላቀለሉልን እናመሰግናለን። መርፌ ሰኞን እያሰበች በየእሑዱ «አጎቴን ይንሳኝ፣ ጠግቤያለሁ» ብላ ምሳዋን ወደ እኔ ትገፋለች። በዚህም እኔ ወፍሬያለሁ፤ እርጉዝ ግን አይደለሁም።

፪. አዋላጇ እንደነገረችን፣ ክብደቷ ደህና የነበረ ሴት እስክትወልድ ከአስራ አንድ እስከ አስራ ስድስት ኪሎ ብትጨምር ደግ ነው፤ ልጁም፣ የእንግዴ ልጁም፣ ውሃውም፣ ደሙም፣ ለጡት የሚቀመጠው ስንቅም ኪሎ አላቸውና። በወረቀትዎ ሰባት የተባለላት መርፌ ግን በጤና ጣቢያው ሚዛን የጨመረችው ሦስት ብቻ ነው፤ ፅንሱም ከወሩ አንሷል።

፫. አራቱ ኪሎ ከየት መጣ ቢሉ፣ ትምህርት ቤት ሳልገባ ሚዛን መጠገን የተማርኩ ሰው ነኝና ልንገርዎ። ከሁለት ወር በፊት የመጋዘኑ ሚዛን ላይ የጨርቅ ጥቅል ወድቆበት አራት ኪሎ ይጨምራል ስልዎ፣ «ተወው፣ ለጨርቅ ይበቃል» ብለው መለሱኝ። ከዚያ ሴቶቹን አወጡበት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው።

፬. ትናንት ቅዳሜ ሚዛኑን አስተካክዬ፣ ለሙከራ ቆመውልኝ ስለተባበሩኝ አመሰግናለሁ። ከአምናው አስራ ሁለት ኪሎ ጨምረዋል። ቁጥሩን ከዝርዝሩ አጠገብ ለጥፌዋለሁ፤ ስንተኛ ወርዎ እንደሆነ ባለመግለጽዎ ሰፊዎቹ እየተወራረዱ ነው። በደንብዎ መሠረትም መጥረጊያው ከቢሮዎ ደጃፍ ቆሟል። ነገ አንዲትም ነፍሰ ጡር ሚዛን ላይ አትወጣም፤ አንዷን ቢያስነሱ መኪናው በሙሉ ጸጥ ይላል።

፭. አምስተኛውን ልጽፍ ስል በር ተንኳኳ። ያልጠበቅናቸው እንግዳ ባለቤትዎ ናቸው። ስድስተኛ ወራቸውን መያዛቸውን አናውቅም ነበር። የመኝታ ቤታችሁን ሚዛን በፌስታል ይዘው መጥተው፣ ተበላሽቶ እንደሆነ ፈትሽልኝ አሉኝ። ሰባት ኪሎው ለካ እቤትም ደንብ ኖሯል። ሚዛኑ ደህና እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ይህንንም እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። መርፌ ምሳ አቀረበችላቸው፤ እንግዳ ብቻውን አይበላም ብላ ለራሷም ሳህኗን ሞላች።

ስለዚህ እዚህ ላይ ለማቆም ተገድጃለሁ።

ስፋትዎ ከቢሮዎ በር እንዳይበልጥ የሚጸልይልዎ፣
ሚዛን ጠጋኙ የመርፌ አጎት

ሳልረሳው፦ ባለቤትዎን ለምሳ አይጠብቋቸው። የእርስዎን ለብቻዎ ይብሉ፤ በልክ።