የምጽዋ ሙቀትና የፒያሳ ሰም

የካቲት ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

ስምንቱም ጀልባዎች ደርሰው ተመለሱ።

ውድ ለተኪዳን፣

አንቺና እማማ ምብራት እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ቆዳዬ ከመላላጡ በቀር ደኅና ነኝ። ምጽዋ ነበርኩ። ለዕረፍት ስልሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ፤ ግን ዕረፍት ነው የተባለው።

ባለፈው ክረምት የሠራተኛ ማኅበሩ ለምጽዋ የባሕር ዳርቻ መዝናኛው ስምንት ጠባብ ጀልባዎች አዘዘን። በእያንዳንዱ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ይቀዝፋል። ፒያሳ እሪ በከንቱ ካለው የእንጨት ወርክሾፓችን ባሕር ያየ ሰው የለም። የሳንቃዎቹ መገጣጠሚያ በምን ይደፈን ሲባል በሰም አልኩ። ወርቅአፈራሁ ሬንጅ ይሻላል ብሎኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ውሃ ሞልተን ሁለት ቀን አቆየናቸው፤ ጠብታ አላፈሰሱም።

ከዚያ ራሳችሁ ሞክሩት ተባልን። ከመዝናኛው ፊት ለፊት ያለችው ደሴት ድረስ ቀዝፈን ከተመለስን ሌላ አርባ ጀልባ ይታዘዝልናል። አንዱ እንኳ ተጎትቶ ከመጣ ሥራው ለሌላ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ ወርክሾፑ ይዘጋል።

ውሃው ለገላ ያሞቁት ይመስል ለብ ያለ ነው። አቶ አጽብሐ የሚባሉ የምጽዋ ሰው ምግብና የሚጠጣ ውሃ በሞተር ጀልባ ይዘው ከኋላ ይከተሉናል። መንገዱን ስናጋምስ ጭኔ ሥር ረጠበ። ጣቴን በመገጣጠሚያው ላይ ባሳልፍ ሰሙ እንደ ቅቤ ተከተለኝ። እሪ በከንቱ ላይ ድንጋይ የነበረው ሰም ምጽዋ ፀሐይ ላይ ላልቷል። የሁላችንም።

ወርቅአፈራሁ፣ «ዓምዴ፣ ክር አስገባበትና እንደ ጧፍ እናብራው» አለኝ።

አቶ አጽብሐ ሊጎትቱን ተጠግተው ገመድ አነሡ። ይህን የቀባው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ከሰባቱ አንዳቸውም ወደ እኔ አላዩም።

«እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ከአፌ ሰምተሽው አታውቂም። ጥለሽኝ ወደ እናትሽ ስትሄጂም «አንድ ቀን እንኳ ጥፋቴ ነው አትልም» ነው ያልሽኝ።

ገመዱን እንዲመልሱ ለመንኳቸው። ነጩን ሸሚዜን አውልቄ ተለተልኩትና በቢላ ጫፍ ስንጥቁ ውስጥ ጠቀጠቅሁት። ሌሎቹም የየራሳቸውን አወለቁ። ጨርቁ ሲርስ አብጦ ያዘ። የገባውን ውሃ በጣሳ እየጨለፍን፣ የወርቅአፈራሁን ማጉረምረም እየሰማን (የቀደደው ሸሚዝ የወንድሙ ነበር) ቀዘፍን። ደሴቷ አሸዋ ላይ ከወገብ በላይ ራቁታችንን ወጣን። አቶ አጽብሐ ውሃ እየቀዱልን፣ «ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ ስኖር ጀልባውን ሸሚዝ አልብሶ የመጣ ሰው አላየሁም» አሉ። ስንመለስም ገመዱን ማንም አልነካውም። አርባው ታዘዘልን፤ ውሉም ተፈረመ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። በመልሱ ጉዞ አንቺ ያለሽበት አስመራ ላይ ግማሽ ቀን ቆመናል። ከእናትሽ ከእማማ ምብራት ሰፈር ራቅ ብዬ ሦስት ሻይ ጠጣሁ። ባሕር ላይ የወጣልኝ ቃል የብስ ላይ እንቢ አለኝ።

የእማማ ምብራትን ጉልበት እግዚአብሔር ያጽናልኝ። አንቺንም በጤና ያቆይሽ።

ዓምደሚካኤል

ይህን የምጽፈው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ነው። ለአርባው ጀልባ ሬንጅ እንድገዛ ተልኬ ነው፤ ባለሱቁ ሊያወጣልኝ ጓዳ ገብቷል። ለምጽዋው ጉዞ የተሰጠኝ የይለፍ ወረቀት አስመራ ለመግባት እስከ እሑድ ያገለግላል፤ የአውሮፕላን ቲኬት የሚሸጡት ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። ሬንጁን ወርቅአፈራሁ መጥቶ ይውሰድ። ደብዳቤውን ራሴ ይዤልሽ ስለምመጣ ቴምብር አልገዛሁም። ወጣሁ።