ዱካሞ የመረጠው ጥይት

ለተከበሩ አባቴ፣ የጌታ ሰላም ከነቤተሰብዎ ይጠብቅዎ። የምጽፍልዎ ስለ ታላቅ ወንድሜ ስለ ዱካሞ ላጫውትዎ ነው።

በሰኔ፣ በአንድ የሱቁ ደንበኛ እርሻ ድኩላ በሽጉጥ ሲያድን አብሬው ነበርሁ። «ቀላሉ ጥይት ቆዳ ሥር ይፈረካከሳል፣ ቆዳው ስስ ለሆነ ነው፤ ለድኩላ ከባዱ ነው፣ ዘልቆ ሳያሠቃይ ይጥላል» ብሎ አስረዳኝ። በቅርብ ካላገኘው ፈጽሞ አይተኩስም። ጥንቃቄውንና ርኅራኄውን እጅግ አደንቃለሁ።

የአደኑ ወቅት ነሐሴ ላይ አብቅቷል። እዚህ ኦሬንጅ ፋርም በሚባለው ሰፈር የጎረቤቱ ሱቅ ከተዘረፈ ወዲህ ዱካሞ በራሱ ሱቅ ውስጥ ያድራል። ትናንት ቀላሉን ጥይት ገዝቶ አገኘሁት።

«ለድኩላ ከባዱ ነው አላልክም?» ስለው፣ «አንቺ ደግሞ መምህር ሆንሽብኝ!» ብሎ ሳቀ።

እናቴን ይሳሙልኝ። የእርስዎን ቃል አይጥስምና፣ እባክዎ እስከ ኅዳር ዐሥር ደውለው ለእህታችን ሠርግ አገር ቤት እንዲመጣ ይዘዙት።

አክባሪ ልጅዎ ፊቤ